ጋሽ አድማሱ እና የእታለም ምንጭ

ሣራ ስትደውልልኝ ሃሉንዳ ገበያ ማዕከል ውስጥ ድንች እየመረጥኩ ነበር። ሣራ የጋሽ አድማሱ አንድ ልጃቸው ናት። እዚሁ ስቶክሆልም ስላደገች አማርኛ ትሰማለች እንጂ የምትመልሰው በስዊድንኛ ነው። የዚያን ቀን ግን፣ ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ «ሰናይት፣ አባዬ ሞተ» አለችኝ። በሕይወቷ «ፓፓ» እንጂ «አባዬ» ስትል ሰምቻት አላውቅም። ድንቹን መልሼ አስቀመጥኩ፤ ጋሪውን እዚያው መተላለፊያው ላይ ገትሬ ወጣሁ። ውጭ ቆሜ ወደ ቤቴ ልሂድ ወደ ባቡሩ ልሂድ ጠፋኝ።

ልባቸው ነው አሉ። ለቅሶው ላይ የመጣ ሰው ሁሉ «ጥሩ ሰው ነበሩ» አለ። ጥሩ ሰውማ ለማንም ይባላል! እኔ ስለ ጋሽ አድማሱ የማውቀው ሌላ ነገር አለኝ፤ ለማውራትም ይከብደኛል። ከመጀመሪያው ካልጀመርኩት እንደ ልማዴ ስለምሸሸው፣ እስቲ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ለማስተርስ መጥቼ ትምህርቴን ልጨርስ ጥቂት ሲቀረኝ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ አንዲት ትንሽ የምርምር ክፍል በረዳትነት ቀጠረችኝ። አለቃዬ ዶክተር አድማሱ ነበሩ። የመጀመሪያ ቀን «ዶክተር» ስላቸው ፊታቸውን አኮማትረው፣ «ዶክተር ያለው ሐኪም ቤት ነው፤ ምንሽን ነው ያመመሽ?» አሉኝ። ስዊድኖቹ «አንተ አድማሱ» ይሏቸዋል። እኔ ደግሞ ይህን ከአፌ ማውጣት አልቻልኩም፤ ጋሽ አድማሱ አልኳቸው፣ በዚያው ቀረ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ ሰው ነበሩ። የሳተላይት ምስል ሲያዩ አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ ምንም አይቀረው። በትንፋሻቸው መስታወቱን ያደበዝዙትና በሹራባቸው እጅጌ ይወለውሉታል፤ ከዚያ «ዛሬም ደመና!» ብለው ይቆጣሉ።

ይቺ «ዛሬም ደመና» ስንቱን አሳስታለች መሰላችሁ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሲሏት ሰው የስቶክሆልምን ሰማይ አንጋጦ ያይና «ምን ያድርጉት ጋሽ አድማሱ፣ አገሩ ነው» እያለ ያጽናናቸዋል። እሳቸው የሚያወሩት ግን ስለ ጎጃም ደመና ነው። ሳተላይቱ በላዩ ሲያልፍ መሬቱ በደመና ከተሸፈነ ምስሉ ለኛ አይረባም፤ ሌላ ጥሩ ቀን እስኪገኝ መጠበቅ ነው። «አይ የኔ ነገር!» ይሉ ነበር እየሳቁ። «እታለም ደመና ስታይ እልል ትላለች፣ እኔ ወንድሟ እዚህ ተቀምጬ ደመናዋን እራገማለሁ።»

እታለም የሚሏት ታላቅ እህታቸውን ነው። ስሟ ብርቄ ነው፤ እሷም ስማቸውን አትጠራም፣ ወንድምዓለም ነው የምትላቸው። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ያሳደገቻቸው እሷ ናት። የተወለዱባት መንደር እስካሁን አለች፤ የኪዳነ ምሕረት ደብር፣ ደብሩን የከበበው ደንና ከጀርባው ያለው ጥሻ፣ ከሥሩ ደግሞ ምንጩ። መንደሩ ሁሉ የሚጠጣው ከዚያ ምንጭ ነው። እታለምም ሰባ ዓመት አልፏት ከዚያው ትቀዳለች።

ሥራችን ይህን ከሰማይ ሆኖ መለካት ነበር ማለት ይቻላል። የዘነበውን ታውቃለህ። ወደ ሰማይ ተንኖ የተመለሰውን ሳተላይቱ ካየው ሙቀትና ከቅጠሉ ልምላሜ ትገምታለህ። በጎርፍ የሄደውን ከመሬቱ ተዳፋትና ከአፈሩ ትቀንሳለህ። የተረፈው፣ ደኑ ለበጋ ያስቀረው ውሃ ነው። እኔ ይህን ለሰው ሳስረዳ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል፤ ሰሚውም እንቅልፉ ይመጣል። እሳቸው አንድ ቀን ፊካ ሰዓት ላይ፣ ስዊድኖቹ ቡናና ቂጣቸውን ይዘው ሲያወሩ፣ ሁለት ሳሕን አዘንብለው ጠረጴዛው ላይ አቆሙ። በአንዱ ላይ የሱፍ ቆባቸውን ጣሉበት፣ ሁለተኛውን ባዶውን ተዉት። ከዚያ በሁለቱም ላይ አንድ አንድ ብርጭቆ ውሃ ደፉ። ከባዶው የወረደው ጎርፍ የክፍሉን ኃላፊ ወረቀት አጥለቀለቀው፤ ሴትየዋ ብድግ ብላ ጮኸች። ቆቡ ግን ዝም አለ። ፊካው አልቆ ሰው ሲነሣ ከቆቡ ሥር ጠብ፣ ጠብ ይል ነበር። «ምንጭ ይኼ ነው» አሉ ጠብታውን በጣታቸው እያሳዩ። «ዝናብ ከቆመ በኋላ የሚንጠባጠበው። ሰው በሕይወት የሚቆየው በዚህ ነው።» ከዚያ ያንኑ እርጥብ ቆብ አጥልቀው በዚያ ብርድ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ጉንፋን ይይዝዎታል ብላቸው፣ «ደን ጉንፋን ይዞት ያውቃል?» አሉኝ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የቅዳሜ ልማዳቸው ነው። ሌላው ሰው ምስሉን አይቶ «ይህ ደን ነው፣ ይህ እርሻ ነው» ብሎ ያልፋል። እሳቸው በአካባቢው ያለ ሰው ሳይጠይቁ አንዲት ካርታ አይለቁም። ያኔ ገጠር ስልክ የት አለ? ያለው ወረዳው ከተማ ቴሌ ጣቢያ ብቻ ነው። የወረዳው የገበያ ቀን ደግሞ ቅዳሜ ስለሆነ፣ ከየመንደሩ የማይመጣ ሰው የለም። ጋሽ አድማሱ ፊቲያ ካለው ቤታቸው ሆነው፣ ከኪዮስክ የገዟትን የስልክ ካርድ ፍቀው ጣቢያው ይደውላሉ። ስልክ ሠራተኛዋ ታውቃቸዋለች። ውጭ ወጥታ «የስዊድኑ ሰውዬ ነው፣ ከእንትን መንደር የመጣ አለ?» ብላ ትጣራላቸዋለች። በግ ሊሸጥ የመጣ ገበሬ ስልኩን ይይዝና ይጠየቃል፤ «ከወንዙ ማዶ፣ ከገደሉ በላይ ያለው ጥቁር ነገር ዛፍ ነው ወይስ ጥላ?» ገበሬው «ኧረ እርስዎ ይህን በምን አዩት?» ይላል። እኔም ሥራውን ልልመድ ብዬ ብዙ ቅዳሜ ማዕድ ቤታቸው እየተቀመጥኩ በድምፅ ማጉያው እሰማ ነበር።

መጨረሻ ላይ ስልኩን የምትይዘው እታለም ነበረች። ለዚያ ብላ ነው ገበያ የምትወርደው። አንድ ጊዜ ሳተላይቱ መቼ እንደሚያልፍ ጠይቃቸው ነገሯት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ምን አለች? «ወንድምዓለም፣ አየኸኝ? ነጭ ጋቢዬን ሣሩ ላይ አንጥፌ መሐሉ ቁጭ ብዬ ነበር።» የኛ ሳተላይት የሚያየው ትንሹ ነገር የአንድ ግቢ ስፋት አለው፤ ጋቢ ቀርቶ ጎጆም አይታይበትም። ጋሽ አድማሱ አንዴ እኔን፣ አንዴ ስልኩን አዩና «አየሁሽ እታለም፣ ደህና ነሽ» አሏት። እሷም «ተመስገን፣ እንግዲያስ ብቻዬን አይደለሁማ» አለች። ስልኩ ሲዘጋ ሣቅኩባቸው። «ሳይንቲስቱ ዋሹ!» አልኳቸው። አልሣቁም። «እንዳላይሽ ነው የምኖረው ልበላት?» አሉኝ።

እንግዲህ ወደማልወደው ቦታ ደረስኩ። አንድ ለጋሽ ድርጅት የዚያን አካባቢ ተፋሰሶች እንድናጠናለት ሥራ ሰጠን። ውሃ ያዥ ብለን አረንጓዴ የቀባነው ሁሉ ተከልሎ ይጠበቃል፤ ቢጫ ያደረግነው ለሌላ ልማት ክፍት ይሆናል። ካርታው በየወረዳው ተከፋፍሎ ነበርና የእታለም መንደር ያለበት ቁራጭ ሲመጣ ጋሽ አድማሱ ከጠረጴዛቸው ላይ አንሥተው እኔ ፊት አኖሩት። «ይህን እኔ አልነካውም። የራሱን ሰፈር በዝምድና አረንጓዴ ቀባ እንዳልባል። አንቺ ሥሪው፤ እኔ አይቼ እንኳ አላርምልሽም» አሉ። «ደን ካለ ይታይሻል። ደግሞ ቅዳሜ ደውይና ጠይቂ።»

እኔም ሠራሁት። ስጨርሰው ካርታው ላይ እዚህም እዚያም አረንጓዴ ነጠብጣቦች ተበትነውበታል፤ ለዓይን አስቀያሚ። ኮምፒውተሩ እንዲህ ያለ ነጠብጣብ የሚያጸዳበት ትእዛዝ አለው፣ እኛ ወንፊት እንለው ነበር። ከዚህ መጠን ያነሰውን ጣልልኝ ትለዋለህ፣ ይጥለዋል። መጠኑን ከፍ አድርጌ አንድ ጊዜ ተጫንኩት፤ ካርታዬ ጸዳ፣ አማረ፣ ደስ አለኝ። ከስዊድን ሰሜናዊ ደን የመጣ ሰው ይህን ቢያደርግ አይፈረድበትም፣ የሱ አገር ደን ማለቂያ የለውም። እኔ ግን የአገሬን ሰው ደን የት እንዳለ መጠየቅ ነበረብኝ? ገጠር ሄጄ በመኪና መስኮት እንኳ አይቼዋለሁ። በታረሰ ሜዳ መሐል ጥቁር ሆኖ የሚታየው ክብ፣ በውስጡ ቤተ ክርስቲያን ያለው፣ እሱ ነው ደናችን። ያንን ነው ጉድፍ ብዬ የጠረግኩት።

ብደውል ኖሮ ይያዝ ነበር። ማንም በግ ሻጭ «ኧረ የደብሩ ደን አለ!» ይለኝ ነበር። ግን ያቺ ቅዳሜ ከሚድሶመር፣ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ከሚዘጋበት የበጋ በዓል፣ በፊት የመጨረሻዋ ናት፤ እኔ ደግሞ ፊቲያ አንድራሃንድ፣ ማለትም ከሌላ ተከራይ ላይ፣ የተከራየኋትን ክፍል አስረክቤ ዕቃዬን ወደ ሃሉንዳ የማጓጉዝበት ቀን ነው። አልደወልኩም። ሰኞ ጋሽ አድማሱ «ደወልሽ?» ሲሉኝ ዓይኔን በጨው አጥቤ «አዎ፣ ልክ ነው አሉኝ» አልኳቸው። እሳቸውም ፈረሙና ላኩት።

ሁለት ዓመት ያህል አለፈ። አንድ ቅዳሜ እንደ ወትሮው ማዕድ ቤታቸው ተቀምጬ ሳለሁ እታለም ስልኩን ያዘች። ሰላምታም አልሰጠች። «ወንድምዓለም፣ ጥሻውን እኮ ጨረሱት» አለች። «ድንጋይ ለመንገድ ይፈለጣል ብለው መኪና አመጡ። ቦታው ደን አይደለም ይላል አሉ ወረቀቱ። ዳገቱን አፈረሱት። ምንጩ ከፋሲካ ወዲህ እየቀጠነ እየቀጠነ ሄዶ ደረቀ። እኛ ወንዝ እየወረድን ነው፣ እኔ እንኳ ጉልበቴ እንቢ አለኝ።» ቀጥላም «ከላይ ሆነህ እያየህ እንዴት ዝም አልክ?» አለች። ጋሽ አድማሱ «ቆይ እታለም፣ ልየው» አሏት።

ስልኩን ዘግተው ከቁም ሣጥኑ ጀርባ የተጠቀለለውን ካርታ አወጡ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ጣታቸውን ሲያሳርፉበት ቢጫ ነው፤ ያ ሁሉ ወረዳ ጥርት ያለ ቢጫ። ብዙም አልፈለጉም፣ ይህን ሥራ ከኔ ዕድሜ በላይ ሠርተውታል። «ወንፊቱን ስንት ላይ ነው ያደረግሽው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ከዚያ ቀስ ብለው «ያን ጊዜ ቅዳሜ ደውለሽ ነበር?» አሉ። አለቀስኩ፤ መልሱም እሱው ሆነ።

ተነሥተው መስኮቱ ጋ ሄዱ። ከመስኮታቸው ሜላረን ሐይቅ ወለል ብሎ ይታያል። ይቆጡኛል፣ ይሰድቡኛል፣ ካርታውን ፊቴ ላይ ይወረውሩታል ብዬ ጠበቅኩ፤ እንዲያ ቢያደርጉልኝ በወደድኩ። ሲመለሱ ግን «የፈረምኩት እኔ ነኝ» አሉ። «አንቺ ገና ጀማሪ ነሽ። ይኼ ነገር ስምሽ ላይ ከተለጠፈ ማንም አይቀጥርሽም። ለማንም እንዳትናገሪ።»

«አይሆንም፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ እኔው እናገራለሁ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ሜርስታ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ፋስት፣ ማለትም ቋሚ፣ ሥራ ሊሰጠኝ ውሉን እያዘጋጀ ነበር፣ የመኖሪያ ፈቃዴም በሱ ላይ ተንጠልጥሏል። ይህን በልቤ አሰላሁት፣ እያለቀስኩ እንኳ አሰላሁት! ለራሴም የማልምረው ይህንኑ ነው። «እሺ» አልኩ።

ጋሽ አድማሱ ስህተቱ የሳቸው መሆኑን ለለጋሹ ድርጅት ጽፈው ላኩ። ደብዳቤው ግን የፈረሰ ዳገት አይመልስም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ለእታለምም ነገሯት፤ እኔም ነበርኩ፣ ሰምቻለሁ። «እታለም፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ደኑን አላየሁትም» አሏት። ከዚያ ወዲያ ያለው የገበያ ጫጫታ ብቻ ነበር። በኋላ «እናታችን ያጠጣችህን ውሃ?» አለች፣ እንዲህ ብቻ። ስልኩን ለሠራተኛዋ መልሳ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ስልክ አልያዘችም። ጋሽ አድማሱ በየቅዳሜው ይደውላሉ፤ «እታለም መጥታለች?» ይላሉ፤ ሠራተኛዋ ትጣራለች። «መጥታ ነበር፣ ጨው ገዝታ ተመለሰች» ትላቸዋለች፤ ወይም «አልናገርም ብላለች፣ ጋሼ።» እሳቸው «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብለው ይዘጋሉ። ልሂድና እግሯ ላይ ልውደቅ ብለው ትኬት ሊቆርጡ ሲነሡ ልባቸውን አመማቸው፤ ሐኪሞቹ በአውሮፕላን መሄድ ከለከሏቸው። ሚሊኒየሙ ሲከበር እንኳ ሰው ሁሉ ሲጨፍር እሳቸው ስልክ ይዘው ነበር። ዛሬም ደመና ማለቱን ተዉት፤ ሰማዩን ማየትም የተዉ ይመስለኛል።

እኔስ? እኔማ ሸሸሁ። ሜርስታ ሩቅ ነው፣ ጠዋት ወጥቼ ማታ ነው የምገባው እያልኩ። ከኔ ቤት ፊቲያ ሁለት ፌርማታ ነው። ሁለት! ለመጨረሻ ጊዜ ያገኘኋቸው ባቡር ውስጥ ነው። ከስተዋል፣ ኮታቸው ሰፍቷቸዋል። ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ፣ ጎበዝ አሉኝ። ልወርድ ስል «እታለም እኮ አንድ ቀን ታናግረኛለች» አሉ። «ታናግርዎታለች እንጂ» አልኩና ወረድኩ። አንድ ቃል ብናገር ያ ቀን በማግሥቱ ይመጣ ነበር፤ ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም።

ከለቅሶው በኋላ ሣራ ቤታቸውን ስታጸዳ ላግዛት ሄድኩ። መጽሐፍ በካርቶን እየከተትን ሳለን፣ በስዊድንኛ «አብረሽው ስትሠሪ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ፋስተር ለምን አኮረፈችው?» አለችኝ። ፋስተር በነሱ ቋንቋ የአባት እህት ናት። «ሐኪም ቤት ሆኖም እሷን ነበር የሚጠብቀው። ምን አድርጓት ነው?» አለች። እጄ ላይ የነበረውን መጽሐፍ አስቀምጬ ነገርኳት። ሁሉን ነገርኳት። ሣራ ስልኳን አውጥታ አንድ ቁጥር ጻፈችልኝ። ሞባይል ገጠር ገብቶ ስለነበር የእታለም የጎረቤት ልጅ ስልክ ነው። «ለኔ ሳይሆን ለሷ ንገሪ» አለችኝ።

መርዶው ለእታለም ቀድሞ ደርሷታል፤ የመንደሩ ሽማግሌዎች በማለዳ ሄደው አርድተዋታል። ስደውል አርባው አልወጣም ነበር። ማን እንደሆንኩ ተናገርኩ፣ ከወንድሟ ጋር የሠራሁ ልጅ ነኝ አልኩ። «እግዜር ያጽናሽ ልጄ፣ አንቺም ዘመድ አጥተሻል» አለችኝ። እኔን ነው የምታጽናናው! ከዚያማ ሳልተነፍስ አወጣሁት። ካርታውን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ደኑን የጣልኩት እኔ ነኝ፣ እሳቸው የራሳቸውን ሰፈር አልነካም ብለው ነው የሰጡኝ፣ ጠይቂ ብለውኝ አልጠየቅኩም፣ ዋሸኋቸው፣ ጥፋቱን የወሰዱት እኔን ሊያድኑ ነው አልኳት።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «እማማ ብርቄ?» አልኩ።

«አለሁ» አለች። «እንግዲያ እሱ አላደረገም?»

«አላደረጉም።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ እየጠራኝ እንቢ ያልኩት ባላደረገው ነው?»

«አዎ፣ እማማ።»

ትርገመኝ ብዬ ጠበቅኩ። አልረገመችኝም። «ምነው ልጄ» አለች ድምፅዋ እየተሰበረ፣ «ምነው በቁሙ ብትነግሪኝ?»

ከዚያ ስልኩ ከእጇ የወደቀ መሰለኝ። ድምፅዋ ራቅ ብሎ «ወንድምዓለም፣ ኧረ ወንድምዓለም!» እያለ ሲጮኽ፣ ሴቶች «ምን ሰማሽ? ደግሞ ማን ሞተ?» እያሉ ሲሮጡ እሰማለሁ። ልጁ ስልኩን አንሥቶ «ማን ነው የሞተባት?» ብሎ ጠየቀኝ። ጋሽ አድማሱ ናቸው አልኩት። «እሳቸውማ ሞተዋል እኮ፣ አልቅሳለች» አለኝ ግራ ገብቶት። እንዴት ላስረዳው? ሽማግሌዎቹ ያረዷት ያኮረፈችውን ወንድሟን ነበር፤ ይህኛውን፣ ያልበደላትን፣ ያረዳኋት እኔ ነኝ።